ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) የምታስመዘግቡ ሁሉ፣ ስሙ በማን ስም እንደሚያዝ አረጋግጡ

ለድርጅታችሁ ዌብሳይት ለማሠራት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የደረሰብንን በደል ንዴቴ ሳይበርድ እጽፍላችኋለሁ። «ዲዛይንና ሆስቲንግ (ዌብሳይቱን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ) በአንድ ጥቅል፣ ዶሜይኑ በነጻ» እያሉ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያስተዋውቁትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ አብዛኞቻችን በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ወደ እነርሱ መሄዳችን አይቀርም።

እኛ የባልትና ውጤቶች አዘጋጅተን እንሸጣለን። እኅቴና እኔ ስሙን የመረጥነው ብዙ ተጨንቀንበት ነው፤ ቀ፣ ጠ ወይም ጸ ያለበትን ስም በላቲን ፊደል ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሚጽፈው፣ አድራሻውን በስልክ የሰማ ደንበኛ ሳያገኘን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ፊደላት የሌሉበት፣ ሰረዝም ቁጥርም ያልገባበት አጭር የዶት ኮም ስም መረጥን፤ በበርበሬውና በሽሮው ማሸጊያ ላይም አሳተምነው።

ዛሬ ጠዋት ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ለመስጠት ስላሰብን የዝውውር ኮዱን፣ ማለትም ዶሜይኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ ለማዛወር የሚያስፈልገውን የምስጢር ኮድ፣ ልንጠይቅ ዌብሳይታችንን ወደ ሠራልን ድርጅት ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ተቀመጡ እንኳ ሳይለን ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙሮ የባለቤቱ ስም የሰፈረበትን መስመር በጣቱ አሳየን፤ የተጻፈው የእነርሱ ድርጅት ስም ነበር። እኅቴ «ስሙን መርጠን የሰጠናችሁ እኛ አይደለንም ወይ?» ብትለው፣ «መምረጥና ማስመዝገብ ይለያያል፤ ከፈለጋችሁት 60,000 ብር ክፈሉ» አለ። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ዋጋ እንደሚመዘገብ ስነግረው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «እንግዲያው መሐሉ ላይ ሰረዝ ጨምሩበትና አዲስ አስመዝግቡ» ብሎ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። ደንበኛ ሰረዙን እንደሚረሳና እነርሱ ወደያዙት አድራሻ እንደሚሄድ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል። እኅቴ ማሸጊያውን በእጇ እንደያዘች እንባዋ መጣ፤ እርሱ ግን ቀጣዩን ደንበኛ ጠራ።

ይበልጥ የሚያንገበግበው፣ ደንቡ ራሱ እነርሱን የሚጠቅም መሆኑ ነው። የዶሜይን ስሞችን አሠራር በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚመራው ድርጅት በአይካን ደንብ መሠረት መዝጋቢው ኩባንያ የዝውውር ኮዱን በ5 ቀናት ውስጥ የሚሰጠው በመዝገቡ ላይ በባለቤትነት ለሰፈረው ወገን ነው፤ የእኛ ደረሰኝ ደግሞ «የዌብሳይት ሥራ» ከማለት በቀር ስለ ስሙ አንድም ቃል የለውም። ለዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤት ማለት ቢቻልም፣ የንግድ ምልክት መብትንና የተመዝጋቢውን ክፉ ዓላማ ማስረዳት ይጠይቃል፤ ጉዳዩ በአንድ ዳኛ እንዲታይ የሚከፈለው 1,500 ዶላርም እነርሱ ከጠየቁን ገንዘብ ይበልጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት ዶሜይኑ በእናንተ ስምና ኢሜይል እንደሚመዘገብ በውሉ ላይ አስጽፉ፤ ዶሜይኑ የተመዘገበበትን አካውንት የይለፍ ቃል ሳትረከቡም የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ። ማሸጊያና ታፔላ ማሳተም ከዚያ በኋላ ይሁን።