ዉድስቶክ ወይስ ላይቭ ኤይድ?

ወደ ኋላ መመለስ ቢቻል የቱ ኮንሰርት ላይ እገኝ ነበር? በስም ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1969 የተካሄደው ዉድስቶክ ይበልጣል። ግን ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የምግብ እጥረቱ! ከ400 ሺህ በላይ ሰው አንድ እርሻ ላይ ፈሶ ነበር። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ መድረክ ላይ የወጣው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። እኔም ከሄዱት አንዱ እንደምሆን አውቀዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ግን ሌላ ነው። ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም። የሮክ ባንዱ ኩዊን የተጫወተው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪ ግማሽ የማይክ ዘንግ ይዞ «ኤ-ኦ!» ይላል፤ 72 ሺህ ሰው ይመልስለታል። በቪዲዮ እንኳ ሳየው ይወረኛል። ትኬቱን ለዌምብሌይ ቁረጡልኝ።