ቴክኖ ስፓርክ 20፣ ሳምሰንግ ኤ16 ወይስ ያገለገለ አይፎን 11? የቱ ለማን ይሆናል

እኛ ቤት ስልክ መግዛት ከተፈለገ የሚጠራው እኔ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት አስር ሞባይል ቤት ገብቼ አስሩንም ሳልገዛ መውጣት ስለማላፍር ይሆናል። ሰሞኑን ደሞ ሶስት ሰው ባንዴ መጣብኝ፣ እማዬ፣ ዩኒቨርስቲ ያለው ታናሽ ወንድሜና ቲክቶክ ላይ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛዬ። የያዙት ብር ያን ያህል አይራራቅም፣ መገናኛ ሄጄ ስዞርም ባለሱቆቹ የሚደረድሩልኝ እነዚህኑ ሶስቱን ነው፣ አዲስ ቴክኖ ስፓርክ 20፣ አዲስ ሳምሰንግ ኤ16 እና ያገለገለ አይፎን 11። ዋጋ አልጽፍም፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል። ብቻ ብዙ ጊዜ ቴክኖው ከታች ነው፣ አይፎኑ ከላይ፣ ሳምሰንጉ መሃል ላይ።

ከባትሪ ልጀምር፣ ሰፈራችሁ መብራቱ እንደኛ ሰፈር ከሆነ ሌላው ሁሉ ከሱ ቀጥሎ ነው የሚታየው። ቴክኖውም ሳምሰንጉም 5000 ሚሊአምፒር አወር ናቸው። አይፎን 11 ግን ገና ከፋብሪካ ሲወጣም 3110 ነበር፣ የወጣው ደሞ በፈረንጆቹ 2019 ስለሆነ አሁን እጃችሁ የሚገባው ስንት አመት ቻርጅ ሲደረግ የኖረ ባትሪ ነው። አይፎን በትንሽ ባትሪ ብዙ ይሄዳል የሚባለው ውሸት አይደለም፣ ግን ባትሪው ጤነኛ ሲሆን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ሄልዝ የሚል አለ፣ እዛው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት፣ ከ80 ፐርሰንት በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውንም ብር ደምራችሁ ተከራከሩ።

የቻርጀሩን ጉዳይ ሰው ሁሌ ይረሳዋል። ቴክኖውና ሳምሰንጉ ታይፕ ሲ ናቸው፣ ቢሮም ካፌም ጎረቤትም ብትሄዱ አይጠፋም፣ አይፎን 11 ግን የራሱ ገመድ ነው ያለው፣ አይፎን ወደ ታይፕ ሲ የዞረው ከ15 ጀምሮ ነው። ሳምሰንጉ ደሞ 25 ዋት ይቀበላል ይባልና ካርቶኑን ስትከፍቱት ገመድ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ የቻርጀሩን ጭንቅላት ለብቻ መግዛት እንዳለ አስቡ። ቴክኖ እዚህ ላይ ያሸንፋል፣ ቻርጀሩ አብሮት ነው።

አሁን ካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር። ቴክኖው ላይ በትልቁ 16 ጂቢ ራም የሚል ታያላችሁ፣ ባለሱቁም እሱን ነው የሚያሳያችሁ፣ "ሳምሰንጉ እኮ 4 ነው፣ ይሄ 16" ይላል። አይደለም። ስምንቱ ነው ትክክለኛ ራም፣ ማለትም የተከፈቱ አፖች የሚሰሩበት ቦታ፣ የቀረው ስምንት ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ከስቶሬጁ ላይ ተበድሮ እንደ ራም የሚሰራ ነው፣ ፍጥነቱም እንደ ራም አይደለም፣ በዛ ላይ 4 ጂቢ ያለው ስፓርክ 20 ስላለ ስንት ሲደመር ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ስል ቴክኖን ማጣጣሌ አይደለም፣ 8 ትክክለኛ ጂቢ ከ256 ስቶሬጅ ጋር በዛ ዋጋ ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ እንደኛ ቴሌግራም ላይ ያልገባችሁበት ግሩፕ ከሌለ ስቶሬጅ እንዴት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ። ኤ16ን ባለ 4 ጂቢውን እኔ አልመክርም፣ ባለ 6ቱን ወይ ባለ 8ቱን ፈልጉ። አይፎን 11 ደሞ ባለ 64 ጂቢው ከሆነ ተዉት፣ ሚሞሪ አይቀበልም፣ ከሶስት ወር በኋላ ፎቶ ስታጠፉ ነው የምትውሉት።

ሲም ላይ ደሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ስራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው 09ኙንም 07ቱንም ይዞ ነው የሚዞረው፣ እና ኤ16 ላይ ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪው አንድ ቦታ ነው የሚጋሩት፣ ሁለት ሲም ከከተታችሁ ሚሞሪ የለም፣ ሚሞሪ ከከተታችሁ አንዱ ሲም ይወጣል። ስፓርኩ ለሶስቱም ለየብቻ ቦታ አለው። አይፎን 11 አንድ ሲም ነው የሚገባበት፣ ሁለተኛው ኢሲም ነው፣ ማለትም ካርድ የሌለው፣ እዛው ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም፣ እሱ ደሞ ስልክ በቀየራችሁ ቁጥር እንደ ተራው ሲም ነቅሎ መሰካት አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችንም ስሙኝ፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ እናንተ ጋ የሚሸጠው ጭራሽ የሲም ቀዳዳ የለውም፣ ለእናታችሁ ልትልኩ ስታስቡ እሱን አስቡ፣ ከኔትወርክ ሎክ፣ ማለትም ከአንድ ድርጅት ሲም ሌላ እንዳይቀበል ከሚያደርገው ቁልፍ፣ መፈታቱንም አረጋግጡ።

ስክሪን ላይ ብዙ አልከራከርም፣ ሳምሰንጉ አሞሌድ ነው ጥራቱም 1080 ነው፣ ቀን ፀሐይ ላይ ታክሲ ሰልፍ ቆማችሁ ስታነቡበት ልዩነቱ ይታያችኋል፣ ስፓርኩ 720 ነው። ካሜራ ላይ ግን የሜጋፒክሰሉን ወሬ እርሱት፣ ሁለቱ 50 ስላሉና አይፎኑ 12 ስላለ አይበልጡትም። ቪዲዮ ላይ ከሆነማ ኤ16 1080 ላይ ይቆማል፣ አይፎን 11 አሮጌም ሆኖ 4ኬ በ60 ፍሬም ይቀርጻል።

እድሜ ላይ ሳምሰንጉ ነው የሚሻለው፣ ለኤ16 የስድስት አመት ማሻሻያ ነው ቃል የተገባው፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ አላየሁም። አይፎን 11 በፈረንጆቹ 2025 የወጣውን አይኦኤስ 26 አግኝቷል ግን ከሚቀበሉት ስልኮች መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፣ ሲቆረጥ እሱ ነው ቀድሞ የሚቆረጠው። ስፓርኩ ላይ ብዙ አትጠብቁ፣ ማስታወቂያ የሚልኩ አፖችም አብረውት ይመጣሉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቁጭ ብላችሁ አጥፏቸው።

ያገለገለ ስትገዙ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባችሁ። የዛሬ ሶስት አመት ከአንድ ሰው ላይ ገዝቼ፣ ቤት ገብቼ ሪሴት ሳደርገው የድሮ ባለቤቱን ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው፣ እስካሁንም ዝግ ነው። ስለዚህ ብር ሳትቆጥሩ በፊት እዛው ሻጩ ፊት ሪሴት ይደረግና እስከመጨረሻው ይከፈት፣ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ሴቲንግ ውስጥና ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፣ አይፎን ከሆነ ደሞ አባውት የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ስክሪኑ ወይ ባትሪው ኦሪጅናል ባልሆነ ከተቀየረ እዛ ላይ ይጽፈዋል። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሻጭ አለ።

እማዬ ቴክኖውን ወሰደች፣ ሳምሰንጉን እንድትገዛ ስለፈለግኩ አንድ ሰአት ለምኛታለሁ። እሷ ግን ማታ ማታ ኤፍኤም ሬዲዮ ሳትሰማ አትተኛም፣ ሬዲዮው ደሞ የኢርፎኑን ሽቦ እንደ አንቴና ነው የሚጠቀመው፣ ኤ16 ክቡ የኢርፎን ቀዳዳ የለውም፣ አይፎኑም የለውም፣ ስፓርኩ አለው። ሱቋ ውስጥ በቴሌብር ብር የገባላትን ለማየትም ከበቂ በላይ ነው። ልብስ የምትሸጠው ጓደኛዬ አይፎኑን ገዛች፣ የእንጀራዋ ነገር ቪዲዮ ስለሆነ አልተከራከርኳትም፣ 128ቱን ነው ያስገዛኋት፣ ፓወር ባንክ ከቦርሳዋ እንደማይወጣም ነግሬያታለሁ።

ለወንድሜ ኤ16ን ነው የመረጥኩለት፣ ባለ 6ቱን፣ እስኪመረቅና ስራ እስኪያገኝ ድረስ ያደርሰዋል። እሱ ግን አሁንም አይፎን ነው የሚለው፣ ዶርም ውስጥ ሁሉም የያዘው አይፎን ነው አለኝ፣ እሺ ስንቱ ቻርጀር አለው ብዬ ጠየቅኩት፣ አንድ ነው አለ፣ ለስድስት ልጅ።