አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ኤአይ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። 31 ሺህ ብሬን ተበልቻለሁ። ወገን፣ እናንተም እንዳትበሉ።

ዕቃውን ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ናት፣ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። በኤአይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ታዳምጣለች፣ ታዋራለች፣ የመድኃኒት ሰዓት ታስታውሳለች ይላሉ። እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን ትረሳለች። እኔ ከስራ የምወጣው ማታ ነው። ቀን ቀን የሚያዋራት ነገር ባገኝላት ብዬ ነው የገባሁበት።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቦሌ ያሉት የመስታወት ሱቆች ናቸው። ገና በሩ ላይ ሳለሽ “የኔ እህት፣ ምን ልታዘዝ?” ይሉሻል። ዕቃው ሁሌም ከአሜሪካ በሰው የመጣ ነው። ሁሌም የቀረው አንድ ብቻ ነው። በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመርበታል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀንሱልሻል። እኔም ያለ ደረሰኝ ይሁን አልኩና በሞባይል ባንኪንግ አስተላለፍኩ። የሒሳቡ ስም እንኳን የሱቁ አልነበረም፣ የግለሰብ ነው። ያንን በዓይኔ እያየሁ ነው የላክሁት።

ከመክፈሌ በፊት ግን ሻጩን ጠይቄዋለሁ። “አማርኛ ይችላል? ለእናቴ ነው፣ እንግሊዝኛ አትችልም።”

“ኧረ እንደኔና እንዳንቺ ነው የሚያወራው” አለኝ። ዕቃውን ወደ አፉ አስጠጋና “ሰላም፣ እንዴት ነሽ?” አለ። “ሰላም፣ ደህና ነኝ፣ ምን ልርዳዎት?” የሚል ጥርት ያለ የሴት ድምፅ መለሰለት። እንባዬ መጣ። እማዬ ስታወራው ታየችኝ።

ቤት ወስጄ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። “በይ አዋሪው” አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለችና “እንደምን ዋልክ ልጄ?” አለችው። በእንግሊዝኛ መለሰ። “አቤት?” አለች ጎንበስ ብላ። አሁንም በእንግሊዝኛ። እንግዳ የሚያናግራት ይመስል፣ በአክብሮት፣ አራት ጊዜ “አቤት?” አለችው። በመጨረሻ ወደኔ ዞራ “እኔ ነኝ መሰለኝ ያልገባኝ” አለች። በነጋታው ደግሞ ዕቃው ወርሃዊ ክፍያ ጠየቀ። በዶላር፣ በውጭ አገር ካርድ። ይህንን ማንም አልነገረኝም።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ልመልስ ሄድኩ። ሻጩ ሌላ ደንበኛ ይዟል። አንድ አዛውንት ናቸው፣ ያንኑ ዕቃ ነው የሚያሳያቸው። ዝም ብዬ ከኋላ ቆምኩ። “ሰላም፣ እንዴት ነሽ?” አለ። ያችው ሴት መለሰች። ዛሬ ግን የማየው ዕቃውን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር። ስልኩ መስታወቱ ላይ ተደፍቷል። ድምፁ ሲወጣ ከስልኩ ጠርዝ ሥር ቀጭን ብርሃን አየሁ። አጠገቡ ያለችው የሲም መክፈቻ መርፌ መስታወቱ ላይ ትንቀጠቀጣለች። የምታወራው ስልኩ ናት! ማንም ሰው በነጻ የሚያወርደው የኤአይ መተግበሪያ ነው የከፈተው። እኔ የገዛሁ ቀንም ስልኩ እዚያው ቦታ ላይ ተደፍቶ ነበር። አይቼው ነበር። አይቼው ዝም አልኩ።

“አባቴ፣ እንዳይገዙ!” አልኩ። ሻጩ አልደነገጠም። እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” በጣቱ አሳየኝና “ደረሰኝ አለሽ?” አለኝ። ወዲያ ጥግ ቻርጀር የምትቆጥረው ልጅ ቀና ሳትል “እናትሽን እንግሊዝኛ አስተምሪያቸዋ” አለች። ሁለቱም ሳቁ። አዛውንቱ ግን ሳይገዙ ወጡ፣ እሱ ብቻ ነው ደስ ያለኝ።

ሰልፍ ላይ ሆኜ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጡ ማይክና ባትሪ ነው እንጂ የሚያስበው ውጭ አገር ያለ ሰርቨር፣ በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር ነው። ሰርቨሩ ከተዘጋ ድንጋይ ነው። ሒውሜን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ ደረት ላይ የሚለጠፈው ኤአይ ፒን በፈረንጆቹ 2024 ገበያ ላይ ሲውል 699 ዶላር ነበር፣ በየወሩ ደግሞ 24 ዶላር። በ2025 ፌብሩዋሪ ኩባንያው ንብረቱን በ116 ሚሊዮን ዶላር ለኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ ሸጠ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ሰርቨሩን ዘጋው። ገንዘብ እመልሳለሁ ያለው በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ለገዙት ብቻ ነው። አሜሪካ ቁጭ ብሎ፣ ደረሰኝ ይዞ የገዛ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ምን ይዘን ነው የምንከራከረው?

እማዬ አሁን ደውላ “መለሱልሽ?” አለችኝ። ኔትወርክ አስመስዬ ዘጋሁት።

የግድ የሚገዛ ካለ ሻጩን “ስልክህን አጥፋና አሳየኝ” ይበለው። ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አታስተላልፉ። ወላጅ ያላችሁ ይህን ላኩላቸው። ተራዬ ደርሷል፣ ልገባ ነው።