ያገለገለ የ19 ሊትር የቢራ በርሜል፦ ከ4 ሙሌት በኋላ

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጀማሪ ነኝ፣ እሱን አስቀድሜ ልናገር። ያስቸገረኝ መጥመቁ አይደለም። ብቅሉ እዚሁ ባሕር ዳር ገበያ ላይ አለ። ሆፑን (ቢራውን የሚያመርረውን አበባ) እና ደረቁን እርሾ ደግሞ ከውጭ የመጣ የአክስቴ ልጅ ሻንጣው ውስጥ ይዞልኝ መጣ፣ 11.5 ግራም የሆነች አንድ ፓኬት ለ20 ሊትር ትበቃለች። ጣጣው ከፈላ በኋላ ነው። የት ይቀመጣል?

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ውስጥ ነበር ያደረግኩት። ያገለገሉ የቢራ ጠርሙሶች ሰብስቤ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አጥቤ፣ ስኳር ጨምሬ፣ ቆርኪ መታሁባቸው። ቸኩዬ ነበር፣ እርሾው ገና ሥራውን አልጨረሰም። ወሩ ደግሞ ሚያዝያ ነው፣ የባሕር ዳርን ሚያዝያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ ሌሊት ጓዳ ውስጥ ጧ! አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጧ! እስኪነጋ 7 ጠርሙስ ሄደ። የቀሩትን ፊቴን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነው ያወጣኋቸው።

ከዚያ ነው ይሄን በርሜል የገዛሁት። ቡና ቤት ውስጥ ድራፍት የሚቀዳበት ዓይነት ድብልብል በርሜል አይደለም። ቀጠን ረዘም ያለ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ቁመቱ 63 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ድሮ የኮካና የፔፕሲ ለስላሳ ይመላለስበት ነበር፣ ኩባንያዎቹ ሌላ ማሸጊያ ሲይዙ አሮጌዎቹ ለቤት ጠማቂ ተረፉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ክንዳችሁን አስገብታችሁ ታጥቡታላችሁ። አናቱ ላይ ሁለት አፍ አለው፣ በአንዱ ጋዝ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይገባል፣ በሌላው ቢራ ይወጣል። የቢራው አፍ እስከ ታች የሚደርስ ቱቦ አለው። ጋዙ ከላይ ሲጫን ቢራው ከታች ይወጣል፣ በቃ።

እማዬ ስታየው «ደግሞ የወተት ዕቃ ገዛህ?» አለችኝ። እሷ ጠላ ትጠምቃለች፣ ለቤትና ለማኅበር እንጂ ለሽያጭ አይደለም። የጋኑን አፍ ለስና ስታስቀምጠው ጠላው ይቆያል፣ አንዴ ከተከፈተ ግን ቶሎ ጠጥተን ካልጨረስነው ይኮመጥጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ጋን ሲጎድል የጎደለውን የሚሞላው አየር ነው። በርሜሉ ሲጎድል የሚሞላው ጋዝ ነው። እኔ ብር ያወጣሁት ለዚህ አንድ ነገር ነው፣ ብሩም ለሁለት የፋሲካ በግ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ሻጩ «ምንም አይልም፣ ሞልቶ መጠጣት ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ሞላሁ። ቢራው የብርቱካን ለስላሳ ሸተተ። ሦስቴ ያጠብኩት ዕቃ እኮ ነው! ለካ ሽታውን የያዘው ብረቱ ሳይሆን ጎማው ነው። በርሜሉ 5 ክብ ጎማዎች አሉት፣ አንድ ትልቅ የክዳኑ፣ ሁለት የአፎቹ፣ ሁለት ደግሞ የውስጥ ቱቦዎቹ አናት ላይ። አራቱን ትንንሾች የማኪያቶ ማሽን ከሚጠግን ሰው አገኘሁ፣ ለምግብ የሚሆን ጎማ ስለሆነ ጥሩ ነው። ትልቁን ግን ከተማውን ዞሬ አጣሁት፣ የአክስቴ ልጅ እስኪልክልኝ አንድ ወር ጠበቅኩ። ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጎማዎቹን አብራችሁ ካልያዛችሁ አትግዙ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «በበረኪና እጠበው» ብላኝ ነበር። እንዳትሞክሩት፣ በረኪና የማይዝገውንም ብረት ይበላዋል። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ለመጠጥ ዕቃ ተብሎ በተሠራ ማጽጃ መጨረስ።

እማዬ በበኩሏ በግራዋ እሹት፣ በወይራ እጠኑት ብላ ነበር። ለደስታዋ ብዬ አጠንኩት። ጋን አፈር ስለሆነ ጭሱን ይጠጣል፣ ብረት ግን አይጠጣም፣ ሲለቀለቅ ሁሉም ሄደ።

ሁለተኛው ሙሌት ላይ ማታ ጋዙን ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ሲሊንደሩ ባዶ! 2 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሳይባክን ቢሆን 10 በርሜል ገደማ የሚያስጠጣ፣ በክዳኑ ጥግ ሲያፏጭ አደረ። ሲሊንደሩ እዚህ አልተሞላልኝም፣ በጭነት መኪና ሌላ ከተማ ነው የምልከው፣ እናም ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታሁ። አሁን መጀመሪያ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሰጥቼ ክዳኑን አስገጥማለሁ፣ ከዚያ የሳሙና አረፋ ሁሉም መጋጠሚያ ላይ እቀባለሁ፣ አረፋው ካበጠ ያፈሳል ማለት ነው። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ ችግሬን ሰምቶ «ጎማ ቤት ወስደህ ንፋስ አስሞላው» አለኝ። ከልቡ ነው። ንፋስ ኦክስጅን አለው፣ ቢራው በጥቂት ቀን እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሲሊንደሩንም መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ፣ ካፈሰሰ አየሩን ይሻማችኋል።

ሦስተኛው ላይ ነው ቢራ የጠጣሁት። ከዚያ በፊት በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ነበር የማስቀምጠው፣ ሲቀዳ ከአረፋ በቀር ምንም የለም። ቢራ ካልቀዘቀዘ ጋዙን አይዝም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፍሪጁ ባዶ ሆነ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ አልፎ አልፎ ዓሣ ብቻ። እማዬን ለምኜ ሁለት መደርደሪያ አውጥቼ አቆምኩት። ልክ ገባ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። መመሪያው በ4 ዲግሪ 12 ፒኤስአይ ይላል፣ እንደዛ አድርጌ ሳምንት ጠበቅኩ፣ ቢራው ግን ጋዝ አንሶታል። ነገሩ ወዲህ ነው፣ ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። ባሕር ዳር ስሟ ባሕር ይሁን እንጂ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ የውጭው አየር ግፊት ዝቅ ይላል፣ የግፊት ማሳያው ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። 3 ጨምሬ 15 አደረግኩት፣ ተስተካከለ። ጎንደር ያላችሁ ትንሽ ጨምሩበት። መቅጃ ቱቦውንም አታሳጥሩት። በ1 ሜትር ቱቦ ስቀዳ አረፋው ግድግዳ መታ፣ 5 ሚሊሜትር ውስጠ ጠባብ የሆነ 3 ሜትር ቱቦ ሳደርግ ግን ቀስ ብሎ እንደ ድራፍት ወረደ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አልከፍትም፣ 19 ሊትር ቀዝቃዛ ነገር ቶሎ አይሞቅም።

አራተኛው ሙሌት ጠላ ነው፣ የእማዬ። በነጠላ አጥልዬ ነበር፣ ግን አተላው አልቀረም፣ ቱቦው ከታች ስለሚስብ የመጀመሪያው ብርጭቆ ጭቃ ሆነና ሁለተኛው ላይ ተደፈነ። ጋዙን አስተንፍሼ፣ ፈትቼ፣ ቱቦውን 2 ሳንቲሜትር ቆረጥኩት። ጠላው ውስጡም መፍላቱን አላቆመም፣ ጋዝ ሳልሰጠው ግፊቱ ይወጣል፣ በየቀኑ ማስተንፈሻውን ሳብ አደርገዋለሁ። ደግነቱ በርሜሉ እስከ 130 ፒኤስአይ እንዲችል ነው የተሠራው፣ እንደ ጠርሙሶቹ አያስደነግጠኝም። 12 ቀን ሆነው፣ አልኮመጠጠም። እማዬ ቀምሳ «ጭሱ ቀጠነ» አለች፣ ግን ደገመች።

በርሜሉን ከ5 አራት እሰጠዋለሁ። ሻጩን አንድ። ጋዝ የሚሞላላችሁ ሰውና የሚያስገባው ፍሪጅ ካላገኛችሁ ግን አሁን አትግዙ፣ ባዶውን ጓዳ ውስጥ ስታዩት ትናደዳላችሁ።

ፋሲካ 9 ቀን ቀረው። እማዬ ፍሪጁን ለሥጋው ትፈልገዋለች፣ መደርደሪያዎቹ የት እንዳሉ ዛሬ ጠዋት ጠይቃኛለች። በርሜሉ ውስጥ 6 ሊትር ያህል አለ። ሺምብጥ አካባቢ ያላችሁ ጓደኞቼ ቅዳሜ ብርጭቆ ይዛችሁ ኑ።