የገብስ ጭድና ሕያው ባክቴሪያ ለጓሮ ኩሬ፦ ከ14 ወራት አጠቃቀም በኋላ የታዘብኩት

በጓሮዬ ያለው ኩሬ 3 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን 4,200 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። 7 ወርቃማ ዓሦች ይኖሩበታል። ስሌቱን አስቀድሜ የገለጽኩት ለኩሬ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር መጠኑ የሚወሰነው በውኃው ብዛት ወይም በገጹ ስፋት ስለሆነ ነው፤ በዓይን ገምቶ የሚጨምር ሰው ወይ ያሳንሳል ወይ ያበዛል፤ እኔም ሁለቱንም ስሕተት በየተራ ሠርቻቸዋለሁ።

ይህን ሙከራ ከመጀመሬ በፊት በነበረው ዓመት ውኃው አረንጓዴ ሲሆንብኝ አልጌ (ውኃን አረንጓዴ የሚያደርጉ እጽዋት መሰል ሕያዋን) የሚገድል ኬሚካል ተጠቅሜ ነበር። ውኃው በአራት ቀን ጠራ፤ በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ግን ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው ገጽ አስጠግተው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱብኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በአንድ ጊዜ የሞተው አልጌ ሁሉ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ በዚያ ላይ ከመበስበሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ለቀጣዩ አልጌ ምግብ ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ውኃው ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ሁለት ምርቶችን አንድ ላይ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንደኛው በመረብ የታሰረ የገብስ ጭድ፣ ሁለተኛው በዱቄት መልክ የተዘጋጀ ሕያው ባክቴሪያ ነው።

ለውጡን በስሜት ብቻ ላለመመዘን አንድ ነጭ ሳሕን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ አስሬ በየሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ወደ ውኃው አወርደዋለሁ፤ ሳሕኑ ከዓይኔ የሚሰወርበትን ጥልቀትም በደብተር እመዘግባለሁ። ዘዴው የቆየ ነው፤ አንጀሎ ሴኪ የተባለው ኢጣሊያዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባሕርን ጥራት በነጭ ክብ ዝርግ ከለካ ወዲህ የሐይቅ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። በመጀመሪያው ቀን የእኔ ሳሕን በ18 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠፋ።

ከጭዱ ልጀምር። በየካሬ ሜትሩ የውኃ ገጽ 50 ግራም ያህል ስለሚመከር ለ6 ካሬ ሜትር 300 ግራም ሰቀልኩ። ጭዱ አልጌን አይገድልም፤ ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ማዘኑ አይቀርም። በኦክስጅን በበለጸገ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲበሰብስ የሚለቃቸው ውሑዶች አዲስ አልጌ እንዳይራባ ያግዳሉ ተብሎ ይታመናል። በብሪታኒያ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ በስፋት ያጠኑት ሲሆን፣ በአንዳንድ የአልጌ ዓይነቶች ላይ ሲሠራ በሌሎች ላይ አልሠራም። መበስበሱ የሚፈጥንበት ጊዜም በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ውኃው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥራውን ይጀምራል።

በእኔ ኩሬ እስከ ስድስተኛው ሳምንት የታየ ለውጥ አልነበረም፤ ሳሕኑ በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጠፋ ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት 31 ደረሰ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የዓሦቹን ምግብ በግማሽ ቀንሼ ስለነበር ምስጋናውን ለጭዱ ብቻ መስጠት አልችልም። ይበልጥ የተማመንኩበት ውጤት የተገኘው በቀጣዩ ዓመት፣ ሞቃቱ ወቅት ከመግባቱ አንድ ወር አስቀድሜ አዲስ ጭድ ስሰቅል ነው፤ በዚያ ወቅት ውኃው እንደ ቀድሞው ጨርሶ አረንጓዴ አልሆነም፤ ከመዘገብኳቸው ሁሉ ዝቅተኛውም 55 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከዚህ የተነሣ ጭዱ ከበሽታ በፊት እንደሚወሰድ ክትባት ያለ ነገር መሆኑን አምኜበታለሁ፤ ውኃው ከበከተ በኋላ የሚገባ ጭድ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው።

በጭዱ ላይ ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። ጭዱ አብሮት በተሸጠው መረብ ውስጥ ተጠቅጥቆ የታሰረ ስለነበር ውኃ ወደ መሐሉ አይገባም ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ፈትቼ ሳየው ውስጡ ጠቁሮ የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር፤ ይህም ያለ ኦክስጅን መበስበሱን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ጭዱን ሰፋ ባለ መረብ ከረጢት ውስጥ ላላ አድርጌ እሞላዋለሁ፤ የተዘጋ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስም አብሬ አስርበታለሁ፤ ይህም ብርሃንና አየር በማይጠፋበት በውኃው ገጽ አጠገብ ያንሳፍፈዋል። ሁለተኛው ቅሬታዬ መረቡ በአምስተኛው ወር መበጣጠሱ ነው፤ ፍርፋሪው የፓምፑን ወንፊት ስለደፈነው ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሳይስብ አደረ። ጭዱ በስድስት ወር ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ፣ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ የያዘውን ንጥረ ነገር ሁሉ መልሶ ለውኃው ይሰጣል።

ወደ ባክቴሪያው ስመጣ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም የተሳሳትኩበትም የተማርኩበትም እርሱ ነው። በማሸጊያው ላይ ውኃው በአንድ ሳምንት እንደሚጠራ ተጽፏል። አልጠራም፤ ሊጠራም የሚችል አይመስለኝም። ዓሣ በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) እና በእዳሪው አሞኒያ ያስወጣል፤ አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለዓሣ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ እስካለ ድረስ ብዙም አይጎዳውም፤ እጽዋትም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በማጣሪያ ስፖንጅ፣ በጠጠርና በድንጋይ ላይ ተጣብቀው ነው፤ በአዲስ ኩሬ ውስጥ ተራብተው እስኪበቁም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ማጣሪያ በሌለው ኩሬ ውስጥ ዱቄቱን መበተን ማደሪያ የሌለውን እንግዳ እንደ መጥራት ነው። በተጨማሪም በዱቄት መልክ የሚሸጡት አብዛኞቹ ባሲለስ የሚባለውን ወገን የያዙ ናቸው፤ ይህ በደረቅ ዘር መልክ ለረጅም ጊዜ መቆየት የሚችል ሲሆን ሥራው በዋናነት ዝቃጭን ማፍረስ ነው። አሞኒያን የሚለውጡት ግን እንዲህ ያለ ዘር ስለማይሠሩ በደረቅ ዱቄት ውስጥ መቆየት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ገዢው በማሸጊያው ላይ የተጻፉትን የባክቴሪያ ስሞች አንብቦ የሚፈልገው ዝቃጭ ማጥፋት ነው ወይስ አሞኒያን መቀነስ የሚለውን አስቀድሞ ሊለይ ይገባል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ዱቄቱን ባስገባሁበት ሳምንት የማጣሪያውን ስፖንጅ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ አጥርቼ ማጠቤ ነበር። ክሎሪን ውኃን ለመጠጥ የሚያበቃው ባክቴሪያን በመግደል ስለሆነ፣ በአንድ በኩል የገዛሁትን በሌላ በኩል ራሴው አጥቤ ጣልኩት ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን በመመርመሪያ ጠብታ ስለካው አሞኒያው በሊትር 1 ሚሊ ግራም ደርሶ ነበር። ለአራት ቀን ምግብ አቆምኩ፤ ከውኃው 15 በመቶውን ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ ለወጥኩ፤ ስፖንጁንም ከዚያ ወዲህ ከኩሬው በቀዳሁት ውኃ በባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጥቁር ቡናማ መልክ መያዙን እንደ ቆሻሻ መቁጠር ትቻለሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ የከፋ ነበር። በአንድ ሞቃት ምሽት፣ ነገሩ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም በሚል እምነት፣ ከተመከረው እጥፍ ጨመርኩ። ሲነጋ ዓሦቹ ያለፈው ዓመት ባየሁበት በዚያው አኳኋን አፋቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ቆመው ነበር። ልቤ ደነገጠ። ባክቴሪያ ዝቃጭን የሚያፈርሰው ኦክስጅን እየተጠቀመ ነው፤ አልጌና እጽዋትም ቀን ላይ ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት መልሰው ይወስዱታል፤ ውኃውም በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል የሚይዘው በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ብቻ ነው። ሦስቱም በአንድ ሌሊት ተገናኝተውብኛል። አየር የሚነፋ ፓምፕ ወዲያው አስገባሁ፤ አንድም ዓሣ አልሞተም። አሁን ዱቄቱን የምጨምረው ጠዋት፣ አየር መንፊያው እየሠራ፣ በተመከረው መጠን ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ዱቄቱ በዝቃጩ ላይ ያደረገውን ለማየት አንዱን የኩሬ ጥግ በመረብ ሳልጠርግ ተውኩት፤ በዘንግ ስለካው በስምንት ወር ውስጥ ከ7 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ጠረኑም ተለውጧል፤ ዘንጉ ሲነቀንቀው ይወጣ የነበረው ክፉ ሽታ ጠፍቷል። ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ ሆኖም የረገፈ ቅጠልን በመረብ ማውጣት በአንድ ከሰዓት በኋላ ከዚህ የበለጠ ያስወግዳል። ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች በሆነባቸው ወራት ደግሞ ባክቴሪያዎቹ እጅግ ስለሚዘገዩ ዱቄት መጨመር ማባከን ነው።

ውኃውን ከሁሉ ይበልጥ ያጠራው ያልገዛሁት ነገር ነው። በሦስተኛው ወር ከጎረቤት ያገኘሁትን የውኃ ሊሊ በኩሬው መካከል፣ ቄጠማና ፊላ ደግሞ በዳር ዳሩ ተከልኩ፤ ሁሉንም ያኖርኳቸው በጠጠር ውስጥ ነው፤ ለም አፈር ራሱ ንጥረ ነገር ስለሚለቅ አልፈለግሁትም። ሥሮቻቸው የአልጌ ምግብ የሆኑትን ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይሻማሉ፤ የሊሊው ሰፊ ቅጠል ደግሞ ፀሐይ ያስጠልላል። ቅጠሉ የውኃውን ገጽ ግማሽ በሸፈነበት በስምንተኛው ወር ሳሕኑ በጥልቁ ስፍራ፣ 95 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ታችኛውን ወለል ነክቶ ይታይ ነበር። እምቦጭ ያቀረበልኝ ሰውም ነበር፤ ንጥረ ነገር በመምጠጥ የሚተካከለው ጥቂት ቢሆንም በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ማድረግ የሚችልና ከኩሬ አምልጦ ወደ ወንዝ ከገባ የማይመለስ ተክል ስለሆነ አልተቀበልኩትም፤ ማንም እንዲቀበለው አልመክርም።

ጥራት ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ብርሃን እስከ ወለሉ ሲደርስ ክር መሰሉ አልጌ በድንጋዮቹ ላይ በቀለ፤ ጭዱም ሆነ ባክቴሪያው ምንም አላደረገውም። በሻካራ እንጨት ጠቅልሎ ማውጣት ብቻ ነው ያዋጣኝ፤ የተወገደው እያንዳንዱ እፍኝ የመጠጠውን ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚወጣ ድካሙ ከንቱ አይደለም።

የውኃውን ጤና ከጥራቱ ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። ውኃው አረንጓዴ በነበረበት ጊዜ ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ጠዋት 7.4፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 9.1 ይሆን ነበር፤ አልጌው ቀን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስድ ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ያው መጠን አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል፤ ስለዚህ ዓሦቹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይቸገሩ ነበር ማለት ነው። አሁን ልዩነቱ ከ7.6 እስከ 8.2 ብቻ ነው። በማጣሪያው ውስጥ ያኖርኩት የተፈጨ የባሕር ዛጎልም ፒኤቹን በማረጋጋት ሳይረዳ አልቀረም። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እሰጣለሁ። የቧንቧ ውኃ ስጨምር ክሎሪኑ እንዲተን አንድ ሁለት ቀን በሰፊ ዕቃ አሳድረዋለሁ፤ ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሑድ) የሚጨመርበት ውኃ ግን በማሳደር ብቻ አይነጻም፤ ማርከሻ ያስፈልገዋል። ለወባ ትንኝ እጭ ዓሦቹ በቂ ሆነውልኛል።

ጭዱን በየዓመቱ ሞቃቱ ወቅት ከመግባቱ በፊት እገዛለሁ፤ የሚሸጥበትን መረብ ግን ወዲያው እጥለዋለሁ። ባክቴሪያውን ማጣሪያና አየር መንፊያ ላለው፣ ዝቃጭ ለበዛበትና ወራት ለመጠበቅ ለታገሠ ሰው እመክራለሁ፤ ውኃው በሳምንት እንዲጠራለት ለሚፈልግ ግን አልመክርም። በእጄ ያለው ሁለተኛው የባክቴሪያ ዱቄት ዕቃ ገና ግማሹ አለ፤ እርጥበት እንዳይነካው ክዳኑን አጥብቄ በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሬዋለሁ፤ ቀጣዩን ማንኪያ የምጨምረው የውኃው ሙቀት ለአንድ ሳምንት ያህል ከ15 ዲግሪ በላይ መቆየቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።