የፋይል ማነጻጸርና የፓች ስራ ለሚቸግራችሁ፣ ይሄን ልጅ እጠቁማለሁ

ዛሬ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው የምጽፈው። ሁለት አመት ሙሉ እየነካካሁ ለራሴ እንዲመቸኝ ያረኩት ፕሮግራም አለኝ፣ አዲስ ቨርዥን ወጣና የኔን ለውጦች ወደ አዲሱ ማዛወር ነበረብኝ። አራት ቀን ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ከፍቼ በአይኔ እያነጻጸርኩ ኮፒ ፔስት ሳደርግ ከረምኩ፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል፣ በኋላማ የቱ መስመር የኔ የቱ የነሱ እንደሆነም ጠፋኝ።

ይሄን ልጅ በሰው በሰው አገኘሁትና ደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሳይነካ በፊት የነበረው ኦሪጅናሉ አለዎት?" ብሎ ነው፣ ደግነቱ ነበረኝ። ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበት መስኮት) ዲፍ ማይነስ አር ዩ ኤን (diff -ruN) ብሎ፣ ዲፍ የፋይሎችን ልዩነት የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፣ ኦሪጅናሉንና የኔን ፎልደር አነጻጸረና የኔን ለውጥ ብቻ ወደ አንድ ፋይል አወጣው፣ ፓች ፋይል የሚባለው እሱ ነው፣ ግን ሁሉም መስመር ተቀይሯል ብሎ መጣ! ለካ ዊንዶውስ ላይ ሴቭ ሳደርግ የመስመሮቹ መጨረሻ ተቀይሮ ኖሯል፣ ለአይን አይታይም ለዲፍ ግን እያንዳንዱ መስመር ሌላ ነው። ይሄን የመስመር መጨረሻ ልዩነት የሚያስተወውን ስትሪፕ ትሬሊንግ ሲአር (--strip-trailing-cr) የሚለውን ኦፕሽን ጨምሮ ሲያስኬደው ያ ሁሉ ሺህ መስመር ወደ 60 ምናምን ወረደ።

በጣም የወደድኩለት አለመቸኮሉን ነው። መጀመሪያ ፓችን፣ ማለትም በፓች ፋይሉ ያለውን ለውጥ አዲሱ ቨርዥን ላይ የሚያስገባውን ፕሮግራም፣ በድራይ ራን (ለሙከራ ብቻ) አስኬደው፣ ምንም ፋይል ሳይነካ የቱ እንደሚገባ የቱ እንደማይገባ ያሳያል። እኔ በፊት ፓችን ሞክሬ ፋይሉ የቱ ነው እያለ ሲጠይቀኝ ትቼው ነበር፣ ማይነስ ፒ 1 (-p1) ብዬ ከፋይሉ አድራሻ ላይ የመጀመሪያውን ፎልደር ስም ማስቆረጥ ነበረብኝ ለካ። መስመሮቹ ወደታች ቢወርዱ እንኳ ፓች ከለውጡ በላይና በታች ባሉት 3 3 መስመሮች ቦታውን ፈልጎ ያገኘዋል፣ ላሪ ዎል የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1985 የሰራው ነገር እስካሁን እንዲህ መስራቱ ይገርመኛል።

ፓች ሁለት ቦታ ላይ ለውጡን አላስገባም ብሎ ሪጀክት ፋይል (ያልገቡት ለውጦች የሚቀመጡበት) ውስጥ ከተተው። ልጁ በግድ አላስገባውም፣ "ይሄን የቀየሩት ለምን ነበር?" እያለ ጠየቀኝ፣ አንዱን አዲሱ ቨርዥን ራሱ አስተካክሎት ስለነበር ጣልነው፣ ሌላውን በእጁ አስገባው። ሲጨርስም የፓች ፋይሉን ሰጥቶኝ፣ ካልተመቸኝ በማይነስ ትልቁ አር (-R) ለውጡን እንዴት ወደነበረበት እንደምመልሰው ጻፈልኝ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ከልብ ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ብቻ ከመደወላችሁ በፊት ኦሪጅናሉን ፋይል ፈልጋችሁ አዘጋጁ።