አርድቤግ 10፦ በረዶውን ተዉት፣ ውሃውን በማንኪያ

ይህን ውስኪ መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን አልወደድኩትም። ገና ሳልቀምሰው የጭስና የቁስል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጭሱ ይቀንስልኛል ብዬ ብርጭቆውን በረዶ ሞላሁት። ጭሱ ንቅንቅ አላለም፤ ሌላው ጣዕም ግን ድራሹ ጠፋ። ቅዝቃዜ መዓዛን ያፍናል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። ከዚያ በኋላ ለወራት ጠርሙሱን ዞር ብዬ አላየሁትም።

አሁን ሦስተኛ ጠርሙሴ ላይ ነኝ። የተለወጠው አጠጣጤ ነው።

አርድቤግ የሚሠራው በስኮትላንድ፣ አይላ በምትባል ደሴት ነው። ጭሱ የሚመጣው ከብቅሉ ነው። ብቅሉ ሲደርቅ በፒት ይታጠናል። ፒት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሲከማች የጠቆረ የዕፅዋት ቅሪት ነው፤ ቆርጠው ያደርቁትና ያነዱታል። ጠርሙሱ ላይ ያለው 10 ደግሞ፣ ውስጡ ካለው ውስኪ ለጋው እንኳ 10 ዓመት በርሜል ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። በርሜሎቹ ቀድሞ ቦርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረባቸው ናቸው። ቀለሙ እንደ ገለባ ፈዛዛ ነው፤ ቀለሙን አይታችሁ ቀላል መጠጥ እንዳይመስላችሁ።

አልኮሉ 46 በመቶ ነው። ብዙ ውስኪዎች ውሃ ወይም በረዶ ሲገባባቸው እንዳይደፈርሱ ቀዝቅዘው ይጣራሉ። ይህ እንደዚያ አልተደረገም፣ ቅባትነቱ አልተነካም። ምላስ ላይ ወፈር የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ እንዲህ ነው የምጠጣው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር እቀዳለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጠዋለሁ። አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ አልከትም፤ አፋፉ ላይ አፌን ከፈት አድርጌ ነው የማሸተው፣ አለዚያ አልኮሉ ያቃጥላል። መጀመሪያ ምንም ሳልጨምር አንዴ ፉት እላለሁ። ቁንዶ በርበሬ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ከዚያ ጭስ። ኃይለኛ ነው።

ከዚያ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ሳነሳው ውሃው እንደ ቀጭን ክር እየተጠማዘዘ ሲወርድ ይታየኛል። አንዳንዴም ትንሽ ደፍረስ ይላል። እንደገና ሳሸተው ቫኒላው ብቅ ብሏል፣ ጭሱም ለስልሷል። ሁለተኛውን ግማሽ ስጨምር አልኮሉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ለእኔ ልኩ እዚህ ጋ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ይቀጥናል። በ2017 በስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በኮምፒውተር ስሌት አይተውታል። የጭስ ጣዕም የሚሰጠው ጉዋያኮል፣ ውስኪው በውሃ ሲቀጥን ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል። አፍንጫዬ የነገረኝን ሳይንስም ሲለው ደስ አለኝ።

አንድ ቤት ሳላዝ በረዶ ጨምረው አምጥተውልኛል። እንዲህ ላለ መጠጥ መጀመሪያ መጠየቅ ይገባል። በረዶ የሚወድ ሰው ይጨምር፣ መብቱ ነው። ይህኛውን ግን መጀመሪያ ያለ በረዶ ይቅመሰው።

ጉድለት አለው? አዎ። ከሌላ ውስኪ ጋር በአንድ ምሽት አይሄድም፤ እሱን ካስቀደማችሁ የቀጣዩ ጣዕም አይሰማችሁም። ስለዚህ ሁሌም የመጨረሻ አደርገዋለሁ። ብርጭቆውንም ሳላጥብ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አንስቼ ሳሸተው አልኮሉ የለም፤ ሌሊቱን የተዳፈነ እሳት ሽታ ብቻ ቀርቷል።